ማረሻ ወደ ቀኝ ይጥላል

ጡረታ የወጣሁ ቀን የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ያስረከብኩትን አንድ በአንድ ጻፈ። የትራክተር ቁልፍ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ የግሪስ ፓምፕ፣ ክሪክ፣ አንድ አሮጌ የዝናብ ልብስ። ከሣጥኑ ግርጌ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ በመያዝ ብዛት የለሰለሰ የወይራ ዱላ አገኘና እያገላበጠ አየው። በስንተኛው ሞዴል ነው ወጪ የሆነልህ ብሎ ጠየቀኝ። የራሴ ነው አልኩት። እንግዲያው ውሰደው አለና አስፈረመኝ። ከአምቦው የትራክተር ጣቢያችን ግቢ የወጣሁት በአንድ እጄ ዱላውን፣ በሌላው የስንብት ደብዳቤውን ይዤ ነው። ደብዳቤው የት እንደገባ ዛሬ አላውቅም። ዱላውም አሁን እኔ ዘንድ የለም፤ የት እንዳለ ግን በደንብ አውቃለሁ።

ሰው ጡረታ ሲወጣ እንኳን ለዕረፍት አበቃህ ይሉታል። እኔ ገና አላረፍኩም። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ሽማግሌ ተልኮ እስኪለመን ይጠብቃል። አንገቴም ወደ ቀኝ ትንሽ ዞሮ ቀርቷል። ትራክተር የሚያርስ ሰው ወደ ፊት አንዴ ካየ ወደ ኋላ አሥር ጊዜ ነው የሚያየው፤ ማረሻው ከኋላው፣ ፈሩም በቀኙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንቆም ባለቤቴ በኋላ ትጠራኝና ዛሬም ወደ ሴቶቹ ወገን ስታይ ዋልክ እያለች ትቀልድብኛለች። እስቃለሁ፤ ግን አንገቴ እውነት ያመኛል።

ዕድሜዬን ግማሹን ያሳለፍኩት ጋራዥ ውስጥ፣ ትራክተር ሥር ተኝቼ ነው። ከአሥር ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ ኦፕሬተር አነሰ ተብሎ ከጋራዥ ወደ ማሳ ተዛወርኩ። በዚያን ጊዜ የነበረው አለቃችን፣ ከቢሮው ብዙም የማይወጣ፣ ነገር ግን ሰው የሚለይ ሰው ነበር። ማሽኑን ታውቃለህ፣ መሬቱን ኦቦ በዳዳ ያሳይሃል አለኝና በዚያው ወደ ስልኩ ተመለሰ። የደመወዙ ልዩነት ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የተለወጠው ነገር ቢኖር ቀድሞ ልብሴን የሚያበላሸው ዘይት ነበር፣ አሁን ጭቃ ሆነ።

ኦቦ በዳዳ የባኮ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሞተር ሳያስነሳ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይህ ሰው ሥራ ጠል ነው ብዬ አስቤ ነበር። ባለ ሦስት ዲስኩን ማረሻ ከመጫናችን በፊት የሁለቱን የኋላ ጎማዎች ንፋስ ይለካል። ከዚያ ማረሻውን የሚሸከሙትን የትራክተሩን የታችኞቹን ክንዶች ርዝመት በዚያ ዱላ ይለካል፤ ዱላው ላይ በጣት ስፋት ልዩነት የተቆረጡ ምልክቶች ነበሩበት። ከዚያ እንጨት ያመጣና ግራ ጎማዎቹን እንጨቱ ላይ ያወጣቸዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ሲያርስ ቀኝ ጎማው የሚሄደው በፈሩ ውስጥ አይደለም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኙ ዝቅ ብሎ በታረሰው፣ ግራው ከፍ ብሎ ባልታረሰው ይሄዳል፤ ትራክተሩ ያዘምማል ማለት ነው። ማረሻው ግን ማዝመም የለበትም። እሱ የማሳውን መዝመም ግቢው ውስጥ በእንጨት ሠርቶ፣ የቀኙን ማንሻ በመዘውሩ እያዞረ ማረሻውን ያቃናዋል። ማሳ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነገር ብቻ ነው።

ያችን ጥቂት ነገር ደግሞ እንዲሁ አይተዋትም። ሃያ እርምጃ ያህል አርሶ ያቆማል፣ ይወርዳል፣ ዱላውን ሦስቱ ዲስኮች በቆረጡት ላይ ያስገባል። የፊተኛው ጠልቆ የኋለኛው ከቀለለ፣ ማረሻውን ከላይ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ፣ እኛ ቶፕሊንክ የምንለውን፣ በአንድ ዙር ያስረዝመዋል። ካጠረ ማረሻው በአፍንጫው ይደፋልና። እንደገና ሃያ እርምጃ፣ እንደገና ዱላ። አፈሩንም በመዳፉ ይዞ ያሸዋል። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የሚረዝም ከሆነ ዛሬ አይታረስም ይልና ቁልፉን ይነቅላል፤ ገበሬው ቢለምን፣ አለቃ ቢደውል አይመለስም።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበረው። ማሳ ስንደርስ ከባለቤቱ ጋር ሰላምታው አያልቅም። እናንተ አገር ሰላምታ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እኛ ዘንድ በኦሮምኛ ሲሆን ሰውየው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠየቃል። ኦቦ በዳዳ ከዚያ ሁሉ መሐል ሁልጊዜ «ዓምና የት ጨረስን?» ይል ነበር። ገበሬው በእጁ ወደ ማሳው ያሳያል፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ወደ ዝናቡ ይመለሳሉ። አራት የእርሻ ወቅት አብሬው ስሠራ ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። የሰላምታው ማሟያ መስሎኝ ነበር። እሱም አላብራራልኝም፤ ለአንድ ኦፕሬተር ይህን መናገር አፈር ጥቁር ነው ብሎ እንደ መናገር ሳይቆጥረው አልቀረም።

እሱ ጡረታ ወጥቶ ወደ ባኮ ሲመለስ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ እኔን ወደ ጊንጪ መደቡኝ።

የጊንጪ አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲረጥብ ጫማ ያወልቃል፣ ውሃ አግኝቶ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ውሃው የሚያልፍበትን ሲያስብ ነው የሚከርመው። እኔ በደረስኩበት ሰሞን የኩታ ገጠም እርሻ መጥቶ ነበር። የብዙ ሰው ማሳ አንድ ላይ ይገጠምና በትራክተር በአንድ ጊዜ ታርሶ አንድ ዓይነት ስንዴ ይዘራበታል። በመሐል ያለው የድንበር ሣር ይታረሳል፤ ድንበሩ የሚታወቀው ከላይና ከታች በቆሙት ድንጋዮች ነው። ነገሩ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከማሳዎቹ መካከል አንዱ የአዴ ጫልቱ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች፣ ንግግሯ አጭር የሆነ ሴት ናት። መሬቷ ጠባብ ነው፣ እንደ መቀነት ረጅምና ቀጭን። በቀኟ የኦቦ ቱፋ፣ በግራዋ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ሰፋፊ ማሳዎች አሉ። ያላት መሬት ያ ብቻ ነው።

የልማት ሠራተኛው ችካል ተክሎ ነበር የጠበቀኝ፤ አንዱን ችካል በኦቦ ቱፋ ማሳ መሐል፣ ሌላውን በአጎቱ ልጅ ማሳ መሐል። በእነዚያ የመጀመሪያውን ፈር ከፍቼ በዙሪያው እየዞርኩ አረስኩ። ፈሬ ቀጥ ያለ፣ ጥልቀቱ እኩል፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ነበር። ማረሻውን ኦቦ በዳዳ እንዳስተማረኝ አስተካክዬዋለሁና ኮራሁ። ሁለቱ ዙሮች እየሰፉ መጥተው የተገናኙት አዴ ጫልቱ ማሳ መሐል ላይ ነው። በሁለተኛውም ዓመት ችካሎቹ እዚያው ነበሩ፣ በሦስተኛውም። እኔም በዚያው ከፈትኩ፣ በዚያው ጨረስኩ።

በሁለተኛው ዓመት ስንዴዋ መሐል ለመሐል ቢጫ ሆነ። ትራክተሩን ለሌላ ሥራ ሳሳልፍ መንገድ ዳር ቆማ አስቆመችኝና መሬቴ እየሄደ ነው አለችኝ። እኔም ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ ጨምሪበት አልኳት። በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ በርትቶ ውሃው ማሳዋ ውስጥ ተኛ። ያገኘችው ምርት ለዘር እንኳን አልበቃም። ያኔ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ከሰሰች። ከሳሽነቷ በጎረቤቶቿ ላይ ነበር፤ አፈሬን ወሰዱብኝ አለች። ሽማግሌዎች ተሰየሙ፣ ድንጋዮቹ ታዩ፣ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ አዋቂ ይጠየቅ ተባለና እኔ ተጠራሁ።

ያን ቀን ቀበሌው ግቢ ውስጥ የተናገርኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ኦቦ ተፈራ፣ መሬት ይሄዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«መሬት አይሄድም» አልኩ። «እኔ ይህን ያህል ዘመን ከማሽን ጋር ኖሬአለሁ። ሄዶ የሚያውቅ ትራክተር እንጂ መሬት አላየሁም።»

ሰው ሳቀ። እኔም በሳቁ ደስ አለኝ። አዴ ጫልቱ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከተቀመጠችበት ተነሳችና ሄደች። ክሱ በዚያው ተዘጋ። በዚያው ዓመት ማሳዋን አርሶ ምርቱን እንዲያካፍላት ለኦቦ ቱፋ ለእኩል ሰጠችው። የእኛን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አቅም የሌላት ሴት መሬቷን ለጠና ጎረቤት ለእኩል ከሰጠች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የማን እንደነበር የሚያነሳ ሰው ይጠፋል።

በዚያ መኸር ማግስት አዲስ አለቃ መጣና ለበቆሎ እርሻ ወደ ባኮ ላከኝ። ሙቀቱ ከጊንጪ ብርድ ለመጣ ሰው ከባድ ነው፤ ቀዩ አፈር ግን ለማረሻ ይታዘዛል። አንድ እሑድ ብርቱካን ገዝቼ፣ ዱላውንም ይዤ ኦቦ በዳዳን ልጠይቅ ሄድኩ። ከሴት ልጁ ጋር ነበር የሚኖረው። ዓይኑ ደክሞ ነበር፣ በድምፄ ነው የለየኝ። ሰላምታው እንደ ድሮው ረዘመ። ከዚያ ስለ ጊንጪ አወራሁት፣ ስለ ቀጥተኛ ፈሬ፣ ስለ ኩታ ገጠሙ። በመጨረሻም ለቀልድ ያህል መሬቴ ሄደ ያለችውን ሴትና እኔ ለሽማግሌዎቹ የመለስኩትን ነገርኩት።

አልሳቀም። «ዓምና የት ጨረስክ?» አለኝ።

«ይመስገን፣ ደህና ነው» አልኩት።

«ደህንነትህን አልጠየቅኩህም። የት ጨረስክ ነው የምልህ።»

የት እንደጨረስኩ ነገርኩት። ካቻምናስ አለኝ። እዚያው አልኩት። ከዚያ በፊትስ አለኝ። እዚያው ስል ድምፄ ቀነሰ። ዱላዬን ከአጠገቤ በዳሰሳ ፈልጎ አነሳና በረንዳው ሥር ባለው አቧራ ላይ ሦስት ማሳ ሣለ፤ ሁለት ሰፊ፣ በመሐል አንድ ጠባብ።

«ማረሻ ወዴት ይጥላል?» አለኝ።

«ወደ ቀኝ።»

«እዚህ ከፍተህ እየዞርክ ስታርስ አፈሩ ወዴት ይሄዳል?»

ዱላውን እየተከተልኩ አየሁት። በኦቦ ቱፋ ማሳ ስዞር ማረሻው እያንዳንዱን ፈር ወደዚያ ማሳ መሐል ይጥላል። በአጎቱ ልጅ ማሳ ስዞርም እንዲሁ። ሁለቱ ዙሮች በሚገናኙበት ላይ አፈሩ ከሁለቱም ወገን ተነስቶ ሄዷል፤ የሚቀረው ባዶ፣ ክፍት ፈር ነው። ለአንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ላይ ከከፈትክ አፈሩ ይመለሳል። ሦስት ዓመት ከደጋገምከው ግን ቦይ ይሆናል። ያውም በመረሬ ላይ፣ ያውም በአንዲት ሴት መቀነት መሬት መሐል። ድንበሩ ድንጋይ ካለበት አልተነቃነቀም። አፈሩ ግን እርስዋ እንዳለችው ሄዷል። ያስኬድኩት እኔ ነኝ፣ እያስተካከልኩ፣ እየለካሁ፣ እየኮራሁ።

ኦቦ በዳዳ ዱላውን መለሰልኝና፣ «አራት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ገበሬ ምን ስጠይቅ መስሎህ ነበር?» አለኝ።

ሰላምታ መስሎኝ ነበር ማለት አፈርኩ። ብርቱካኑን ልጁ ቆርጣ ስታቀርብ ዱላዬን ይዤ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላገኘሁትም፤ በዓመቱ አረፈ።

ወደ ጊንጪ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያጠፋሁትን ነገርኳት። ግባ አላለችኝም፣ አልተቆጣችም። ሽሮ የምትነፋበትን ወንፊት አስቀመጠች።

«ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ እዚያ ነበርክ» አለች።

«ነበርኩ።»

«እንግዲህ አፈሬን መልስ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።»

ሽማግሌዎቹን ማስጠራት ቀላል አልነበረም። የተዘጋ ነገር ለምን ትከፍታለህ አሉኝ፤ አለቃዬም የመሥሪያ ቤቱን ስም ታስጠፋለህ ብሎ ተቆጣ። ቢሆንም ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት፣ መሬት አይሄድም ያልኩት ውሸት ነው አልኩ። ዱላውን አውጥቼ ኦቦ በዳዳ እንዳሳየኝ መሬቱ ላይ ሣልኩላቸው። ኦቦ ቱፋ እኔ ሰርቄ አላውቅም አለ። እውነቱን ነበር፤ እሱ አልሰረቀም፣ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። አፈሩ ሲመለስ ክፍት ፈሩ በሱ ማሳ ላይ እንደሚቀር ሲረዳ ግን ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋግረው ሁለት ነገር ወሰኑ፤ የእኩሉ ውል ያን መኸር ያብቃ፣ ትራክተሩም አፈሩ እስኪመለስ በአዴ ጫልቱ ማሳ ይክፈት። ማን እንደሚቆጣጠር ግን አልተናገሩም።

በሚቀጥለው በልግ በቦዩ ውስጥ ከፈትኩ። መክፈቻ አስቸጋሪ ነው። ሁለቱም ጎማ ባልታረሰ መሬት ላይ ስለሚሄድ ለፈር ያቃናኸው ማረሻ ያዘምምብሃል። የቀኙን ማንሻ ዝቅ አድርጌ፣ ቶፕሊንኩን አስረዝሜ የፊተኛውን ዲስክ አቀለልኩት፣ የኋለኛው ብቻ በደንብ እንዲቆርጥ። በሁለተኛው መስመር መልሼ አቃናሁት። አንድ ዙር በሄድኩ ቁጥር እወርዳለሁ፣ ዱላውን አስገባለሁ። አዴ ጫልቱ ከማሳው ራስ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ፀሐይ ዘንበል እስክትል ምሳ እንኳን አልበላሁም፤ እርስዋም አልበላችም።

በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ አደረግኩ። ቦዩ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ስንዴዋ ከመሐል አሁንም ሳሳ ያለ ቢሆንም ቢጫነቱ ቀርቷል። ከዚያ የኔ ጡረታ ደረሰ። የወሰድኩት የሦስት ዓመት ነበር፣ የመለስኩት የሁለት ብቻ። አለቃዬን አንድ ወቅት በኮንትራት አቆየኝ ብዬ ለመንኩት፤ መመሪያው አይፈቅድም አለ። በእኔ ቦታ ለተተካው ኦፕሬተር ነገሩን በወረቀት ጻፍኩለት። ከወለጋ ወገን የመጣ፣ የአርባ ዓመት ሰው፣ ትጉህ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔም የኦቦ በዳዳን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ አጥፌ ኪሴ ከትቼ ስለነበር ብዙም ተስፋ አላደረግኩም።

ስለዚህ ያስረከብኩ ዕለት፣ በዚያው ቀን፣ በሚኒባስ ጊንጪ ወረድኩና ዱላውን ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋት። ዱላው በዚህ ወገን ጥልቀት ይለካል አልኳት፤ ኦቦ በዳዳ ገበሬውን ሁሉ ምን ይጠይቅ እንደነበርም ነገርኳት። በላይኛው ወገን ሁለት ጭረት ጭሬበት ነበር፣ ለሁለቱ ዓመት፤ ለሦስተኛው የሚሆን ቦታ ባዶ ነው። ተቀበለችኝ። ስለ ይቅርታው ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ትራክተሩ ማሳው ላይ የገባ ዕለት እኔም ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፣ እቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ። ችካሎቹ ድሮ በነበሩበት ተተክለዋል፣ በሁለቱ ሰፋፊ ማሳዎች መሐል። ኦቦ ቱፋ ችካሉ አጠገብ ቆሟል። ወገቤ እያመመኝ ነበርና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልሂድና ልናገር ብዬ አስቤ ነበር፤ የማዘዝ ሥልጣን ግን አልነበረኝም።

አዴ ጫልቱ ዱላውን ይዛ በማሳዋ ራስ፣ በቦዩ ትይዩ ወደቆመው ትራክተር ሄደች። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ከላይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። አካም ቡልታኒ፣ እንደምን አደራችሁ አለች፣ እሱም ነጋ፣ ሰላም ነው አለ። ስለ አገሩ ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቹ፣ በወለጋ ስላለው ሰላም። እሱም በትህትና ሁሉንም መለሰላት። ከዚያ «ዓምና የት ጨረስን?» አለችው።

«ይመስገን፣ ደህና ነው እናቴ» አለና እጁን ወደ ማርሹ ሰደደ።

ከድንጋዬ ላይ ተነሳሁ። አዴ ጫልቱ ግን ከትልቁ ጎማ ፊት አልተነሳችም። ዱላውን እዚያው፣ በማሳዋ መሐል፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርሰው ቦይ ውስጥ ተክላ ጥያቄውን ደገመችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ቃል በቃል። ኦፕሬተሩ ዱላውን አየ፣ ችካሉን አየ፣ እንደገና ዱላውን አየ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማሁም፣ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት። ኪሱን ሲከፍትና የጻፍኩለትን ወረቀት ሲያወጣ ብቻ አየሁ። ጥቂት ቆይቶ አዴ ጫልቱ ወደ እኔ ዞረችና በእጅዋ ወደ ቤቷ አመለከተች፤ ግባና ተቀመጥ ማለትዋ ነው። ሄጄ ገባሁ።